ሬይ ምን ከፈለች?

በረዶ ላይ የወደቀ ሰይፍ አለ። ጥቁር የለበሰው ካይሎ ሬን እጁን ዘርግቶ በሐሳቡ ብቻ ወደ ራሱ ይጠራዋል። ሰይፉ ይንቀጠቀጣል፣ ከበረዶው ይነቀላል፣ ይበርራል፤ ግን እሱን አልፎ ከወዲያ በቆመች ልጅ እጅ ውስጥ ይገባል። ሬይ ትባላለች። በዚያው ሰሞን በረሃ ውስጥ የተሰባበረ መርከብ እየፈታታች ቁራጭ ብረት በመሸጥ ትተዳደር ነበር፤ የሰይፉን የቀድሞ ባለቤት ሉክ ስካይዎከርንም የምታውቀው በተረት ነው። ቀጥሎ በሚሆነው ፍልሚያ ይህን ለዓመታት የሠለጠነ ሰው ፊቱን ተልትላ መሬት ላይ ትዘርረዋለች።

«ዘ ፎርስ አዌክንስ» ለዕይታ ከበቃበት ከ2015 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የስታር ዋርስ ወዳጆች በዚህች ልጅ ምክንያት ለሁለት ተከፍለው ይነታረካሉ። አንደኛው ወገን «ጉልበቷ በዛ፤ ሳትማር ሁሉን ቻይ ሆነች» ይላል። ሌላው «ሉክ ሲያደርገው ያልከነከናችሁ፣ ሬይ ስታደርገው ምን ሆናችሁ?» ብሎ ይመልሳል።

ክርክሩ እህቴ ቤት ከገባ ቆይቷል። እሑድ ቡና ሲፈላ ይነሣል፣ ቡናው ሦስተኛ ደርሶም አያልቅም። የእህቴ ወንድ ልጅ ጌም ላይ ስላደገ ፍርዱ አጭር ነው፦ «ኦፒ ናት።» የጨዋታውን ሚዛን የሚያዛባ፣ ሌላውን ሁሉ ተመልካች የሚያደርግ ገጸ ባሕርይ ሲያጋጥማቸው ጌመሮች እንደዚያ ይላሉ። እህቱ ደግሞ ሬይን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። «ጋሼ፣ አንተ ፍረደን» ይሉኛል። ሥራዬ የሰው ስክሪፕት እያነበቡ ማረም ስለሆነ ዳኝነቱ የሚገባኝ ይመስላቸዋል። ለሁለቱም የሚጥም ፍርድ ግን የለኝም።

ስታር ዋርስን ላላየ ሰው ጥቂት ልበል። ጆርጅ ሉካስ በ1977 ያወጣው የመጀመሪያው ፊልም፣ ሉክ የሚባል የገበሬ ቤት ልጅ ጨካኝ መንግሥትን ለመዋጋት ከቤቱ የሚወጣበት ታሪክ ነው። ፎርስ የሚባል፣ ሕይወት ያለውን ሁሉ የሚያስተሳስር ረቂቅ ኃይል አለ። ይህን ኃይል ተምረው የሚጠቀሙበት፣ መነኩሴም ወታደርም የሆኑ ሰዎች ጄዳይ ይባላሉ፤ መሣሪያቸው የብርሃን ሰይፍ ነው። ሉካስ ኩባንያውን በ2012 በአራት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለዲዝኒ ሸጠው። ዲዝኒም በ2015፣ በ2017 እና በ2019 ሦስት ተከታታይ ፊልሞች አወጣ። የሦስቱም ባለታሪክ እንግሊዛዊቷ ደይዚ ሪድሊ የምትጫወታት ሬይ ናት። የመጀመሪያው ብቻውን በዓለም ዙሪያ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

የከሳሾቹ መዝገብ ቀላል አይደለም። ሬይ ሚሊኒየም ፋልከን የተባለችውን አሮጌ መርከብ አስነሥታ ከሚያሳድዷት ተዋጊ መርከቦች ታመልጣለች። የመርከቧ ባለቤት ሃን ሶሎ እያየ ብልሽቷን ታስተካክላለች። የሮቦቱንም፣ የሃን ሶሎ ባልደረባ የሆነውን የቹባካንም ቋንቋ ትሰማለች። ካይሎ ሬን አእምሮዋ ውስጥ ገብቶ ሊበረብር ሲሞክር ታግደዋለች፤ ይባስ ብላ የእሱን የተደበቀ ፍርሃት ከውስጡ መዝዛ ፊቱ ላይ ትነግረዋለች። ቆየት ብላ ደግሞ ጠባቂዋን ወታደር በቃል ብቻ ማሠሪያዋን ፈትቶ፣ መሣሪያውን ጥሎ እንዲሄድ ታደርገዋለች። (ጭምብል ያጠለቀው ያ ወታደር ዳንኤል ክሬግ ነው፤ ጄምስ ቦንድን የተጫወተው ሰውዬ በሬይ ተታለለ ማለት ነው።) በመጨረሻም ሰይፉ። በዚህ ሁሉ መካከል ቁጭ አድርጎ ያስተማራት አንድ ሰው የለም። ነገሩ አልጋ በአልጋ ሆነላት ቢሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም።

ክሱ ስምም አለው፤ ስሙ ከሬይ በአርባ ዓመት ይበልጣል። በ1973 ፓውላ ስሚዝ የምትባል አሜሪካዊት፣ የስታር ትሬክ አፍቃሪዎች ያሳትሟት በነበረች ትንሽ መጽሔት ላይ አጭር የፌዝ ታሪክ አወጣች። ባለታሪኳ ሌተናንት ሜሪ ሱ አሥራ አምስት ዓመት ተኩል የሆናት፣ በባሕር ኃይሉ ከሁሉ በዕድሜ የምታንስ መኮንን ናት። አለቆቿ ያፈቅሯታል፣ የማትችለው የለም፣ ስትሞት መርከቡ በሙሉ ያለቅስላታል። ስሚዝ የቀለደችው አፍቃሪዎች ይጽፏቸው በነበሩ፣ ጸሐፊዋ ራሷን አሳምራ በምትስልባቸው ታሪኮች ላይ ነበር። ዛሬ ግን ስሙ ያለ ድካም ተሳካላት በምትባል ሴት ገጸ ባሕርይ ሁሉ ላይ ይለጠፋል። ለወንዱም «ጌሪ ስቱ» የሚል ወጥቶለታል፤ ሲሠራበት የምሰማው ግን ከስንት አንዴ ነው።

እኔ ያደግሁት ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። የተዘጋጋ ክፍል፣ የጣውላ አግዳሚ፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ ሳንቲም የሚቀበል ልጅ። እዚያ የጸና ሕግ ነበር፦ አክተር አይሞትም። አርኖልድ በ«ኮማንዶ» የታገተች ልጁን ሊያስለቅቅ ደሴቲቱ ላይ ሲወርድ አንድ ሙሉ ካምፕ ይተኩስበታል። እሱ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲመልስ እነሱ ይረግፋሉ። «ይሄማ በዛ» ያለ ሰው አላስታውስም። ቤቱ የሚያጉረመርመው እንዲያውም አክተሩ ሲቆስል ነበር። «ያን ሁሉ ጥይት እንዴት ሳተው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢገኝ «ዝም በል፣ እንይበት!» ይባላል። ጡንቻው ራሱ መልስ ነበር።

ሉክንም እንየው። በ1977ቱ ፊልም የምናየው ሥልጠናው፣ በዚያችው ፋልከን ውስጥ ዓይኑ ተሸፍኖ አንዲት ተንሳፋፊ ኳስ የምትተኩስበትን ጨረር በሰይፍ መመከት ነው። ከዚያ ተዋጊ መርከብ እየነዳ፣ ማነጣጠሪያውን አጥፍቶ፣ ስፋቷ ሁለት ሜትር ወደሆነች ቀዳዳ ተኩሶ ከሩቅ ጨረቃ የሚመስለውን የጦር ጣቢያ ያፈነዳል። ለብቃቱ የቀረበልን ዋና ማስረጃ አገሩ ሳለ ከትንሽ አውሮፕላኑ ሆኖ አይጥ መሰል አውሬ ይተኩስ እንደነበር ራሱ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በ1980ው ተከታይ መጀመሪያ ላይ በበረዶ ዋሻ ውስጥ ተዘቅዝቆ እንደተሰቀለ ሰይፉን በሐሳቡ ይስባል፤ ይህን ማን እንዳሳየው አላየንም። አባቱ አናኪንማ ይብሳል። በ1999ኙ ፊልም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ሮቦት ይሠራል፣ ሌላ ሰው ሊነዳው የማይችለውን የእሽቅድምድም መርከብ ነድቶ አንደኛ ይወጣል፣ በመጨረሻም የጠላትን ዋና መርከብ በአጋጣሚ ገብቶ ያወድማል። ያን ፊልም ብዙ ሰው ነቅፎታል፤ የሕፃኑ ጉልበት ግን ዋናው ክስ አልነበረም። እዚህ ላይ ስደርስ የእህቴ ልጅ ወንድሟን ገልመጥ አድርጋ ሲኒዋን ታነሣለች።

ይሁን እንጂ ሬይን የሚነቅፍ ሁሉ ሴት ስለሆነች ነው የሚለውን አልቀበልም። እነዚሁ ተመልካቾች በ1979ኙ ፊልም በ«ኤሊየን» ያለችውን ሪፕሊን ወደዋታል። ሣራ ኮነርንም እንዲሁ። በ1984ቱ «ተርሚኔተር» አስተናጋጅ ነበረች፤ በ1991ዱ ተከታይ ጡንቻዋ የፈረጠመ፣ መሣሪያ ስትፈታና ስትገጥም ዓይኗን የማታሽ ሴት ሆና መጣች፤ ማንም አልተከፋም። ምን እንዳደረጋት በዓይናችን አይተን ነበርና።

ታዲያ ሬይ ከመሬት ተነሥታ ነው ኃያል የሆነችው? ፊልሙን በፍላሽ አስጭኜ ደጋግሜ ያየሁት ይህን ለማወቅ ነው፤ በተለይ መጀመሪያ አካባቢ ያሉትን፣ ንግግር የማይበዛባቸውን ደቂቃዎች። ሬይ ጃኩ በሚባል በረሃ ፕላኔት ላይ፣ አሸዋ የዋጠው ግዙፍ የጦር መርከብ ሆድ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥላ የሚሸጥ ዕቃ ትፈታለች። ገበያ ወስዳ ቁጭ ብላ ትፈትገዋለች። ቀና ስትል ፊት ለፊቷ አንዲት አሮጊት ያንኑ ሥራ እየሠሩ ነው። ልጅቷ ምንም አትልም፣ ካሜራውም ብዙ አይቆይም፤ ግን የሚመጣው ዕድሜዋ በሙሉ እዚያ ተቀምጧል። አንከር ፕላት የሚባለው ወፍራም ነጋዴ የቀኑን ልፋቷን በሩብ ራሽን ይተምነዋል። ማታ፣ ተዘርሮ በቀረ የጦር ማሽን ውስጥ ባበጀችው ቤት፣ ያችኑ ዱቄት በውኃ በጥብጣ ዳቦ ታደርጋለች፤ በልታ ስትጨርስ ሳህኑን ትልሳለች። ግድግዳው ደግሞ ቤተሰቦቿን እየጠበቀች ቀን በቀን በጫረችው መስመር ተሞልቷል።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ያለ ትረካ፣ ይህን ሁሉ መንገር ትልቅ ችሎታ ነው። ዳይሬክተሩን ጄ. ጄ. አብራምስን በሌላ ብወቅሰውም በዚህ አልወቅሰውም። ይህን ያየ ሰው ሬይ መርከብ መጠገኗ ሊደንቀው አይገባም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈታ የኖረችው መርከብ ነው። ሊነጥቋት የመጡትን በዱላዋ ስታባርር አይተናል። ፋልከንንም ስታስነሣ መጀመሪያ መሬት ለመሬት እያላተመች፣ የገበያውን በር አፍርሳ ነው። ካይሎ ሬንም በዚያ በረዶ ላይ ሙሉ ሰው አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በፊት የገዛ አባቱን ገድሏል። ቹባካ ጎኑን መትቶታል፤ ያ የቹባካ መሣሪያ ሰው አንሥቶ እንደሚወረውር ደግሞ ፊልሙ አስቀድሞ አሳይቷል። ደሙ በረዶው ላይ ይንጠባጠባል። በዚያ ላይ ልጅቷን ከመግደል ይልቅ ሊያስተምራት ፈልጓል፤ በፍልሚያው መካከል ቆሞ ይህንኑ ይነግራታል።

በፊልሙ ዙሪያ የታተሙ መጻሕፍት፣ ሬይ ከስብርባሪ በገጣጠመችው የበረራ መለማመጃ ላይ ስትለማመድ እንደኖረች ይጨምራሉ። ደጋፊዎቿ ይህን ሲጠቅሱ ደስ አይለኝም። ፊልም ሊያይ የገባ ሰው መጽሐፍ የመግዛት ግዴታ የለበትም።

የእህቴ ልጅ በዚህ አሸነፍኩ ስትል ግን አስቆማታለሁ። ስክሪፕት ይዘው ከሚመጡ ወጣቶች ዘንድ አንድ ጉድለት ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ባለታሪኩ ድሃ ነው፣ ወላጅ የለውም፣ ተሠቃይቷል፤ ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ አምስት ገጾች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰማንያ ገጾች ያሰበው ሁሉ ይሆንለታል። «የድሮ መከራው አይበቃም?» ይሉኛል። አይበቃም። ተመልካች የቅድሙን መከራ እስከ መጨረሻው አያስብልህም። ሰውዬው አሁን፣ ተመልካቹ እያየ፣ በራሱ ምርጫ ምክንያት አንድ ነገር መክፈል አለበት።

የ1980ው ፊልም ሉክን ያተረፈው ይህ ነው። መርከቡን ከረግረግ ማንሣት አቅቶት ይነጫነጫል፤ ወገቡ ላይ እንኳ የማይደርሰው አስተማሪው ዮዳ ያነሣለታል። ሥልጠናውን አቋርጦ ጓደኞቹን ላድን ብሎ ይሄዳል፤ ቀኝ እጁን ይቆረጣል፤ የቆረጠው ሰው አባቱ መሆኑን ይሰማል። ጓደኞቹንም አላዳነም፤ እነሱ ናቸው ተመልሰው ያዳኑት። ከዚያ በኋላ ሉክ የፈለገውን ያህል ቢጎለብት ማን ምን ይለዋል?

ሬይስ? በሦስተኛው ፊልም ላይ በቁጣ ከእጇ መብረቅ ይወጣና ቹባካ አለበት የተባለውን መርከብ ያፈነዳል። በሦስቱም ፊልሞች ከሠራችው ሁሉ የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ ወዳጇን በገዛ እጇ ገደለች። ወዲያው ግን ቹባካ ሌላ መርከብ ላይ ኖሮ በሕይወት እንዳለ እናያለን። መጨረሻ ላይ እሷ ራሷ ትሞታለች፤ ካይሎ ሬን የራሱን ነፍስ ሰጥቶ ያስነሣታል። ሁለት ጊዜ ሒሳብ መጣ፦ አንዱ ተሰረዘላት፣ ሌላውን ሰው ከፈለላት። የእህቴ ወንድ ልጅ «ኦፒ» የሚለው ይህን ከሆነ ከእሱ ጋር ነኝ።

ጉልበት መብዛቱ በራሱ ታሪክ አያበላሽም። ሱፐርማን በ1938 ሲፈጠር መብረር አይችልም ነበር፤ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይዘል ነበር እንጂ። ጸሐፊዎቹ እየጨመሩ እየጨመሩ ሄደው ምንም የማይበግረው ሆነ። በ1943 በራዲዮ ድራማው ላይ የሚያደክመው ክሪፕቶናይት የሚባል ድንጋይ መጣ፤ በ1986 ደግሞ ጆን ባይርን ታሪኩን እንደ አዲስ ሲጽፍ ጉልበቱን ራሱን ቀነሰለት። ጃፓኖች በ«ዋን ፓንች ማን» ሌላ መንገድ አሳይተዋል። ሳይታማ የሚባለው ጀግና ሁሉንም በአንድ ቡጢ ይጥላል፤ ጭንቁ መሰላቸት ነው። ፍራንክ ኸርበርት ደግሞ በ1965ቱ «ዱን» ፖል አትሬይድስን ወደፊትን የሚያይ፣ የማይሸነፍ መሪ አደረገው። በ1969 ባወጣው ተከታይ መጽሐፍ ውጤቱ ቀረበ፦ በስሙ በተደረገ ጦርነት 61 ቢሊዮን ሰው አልቋል። ለአንባቢ እንዲህ ዓይነት ቁጥር ካሳየህ በኋላ ጀግናህ ኃያል ነው አይደለም የሚል ክርክር አይነሣም።

ለዚህ ነው ሁለተኛውን፣ ብዙ ሰው የሚጠላውን የ2017ቱን «ዘ ላስት ጄዳይ» የምወደው። ዳይሬክተሩ ራየን ጆንሰን የሬይን ጉልበት አልቀነሰም፤ በመጨረሻ የቋጥኝ ክምር በሐሳቧ ታነሣለች። ያደረገው ጉልበቷ የማይደርስበት ቦታ መፈለግ ነው። ሬይ ወላጆቿ እነማን እንደሆኑ ማወቅ ትሻለች። ዋሻ ገብታ ስትጠይቅ የራሷን ፊት ታያለች። ካይሎ ሬን እውነቱን ከአፏ ያወጣዋል፦ ማንም አልነበሩም፤ ለመጠጥ ገንዘብ ብለው ልጃቸውን የሸጡ ሰዎች። እሱን ወደ በጎው እመልሰዋለሁ ብላ በፈቃዷ ጠላት እጅ ገባች፤ አልመለሰችውም። ድንጋይ ማንሣት ያልከበዳትን ልጅ የከበዳት የማንም ልጅ አለመሆን ነው። ከስታር ዋርስ ሁሉ ይህን የሚያህል የደፈረ ሐሳብ አላውቅም።

ሦስተኛውን ፊልም እንዲሠራ የተቀጠረው ኮሊን ትሬቮሮው በ2017 ከሥራው ወጣ፤ አብራምስ ተመልሶ ገባ። ሦስቱን ፊልሞች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የያዘ አንድ ጸሐፊ አልነበረም፤ ያስታውቃልም። በ2019ኙ «ዘ ራይዝ ኦቭ ስካይዎከር» ሬይ የክፉው ንጉሠ ነገሥት የፓልፓቲን የልጅ ልጅ ሆና ቁጭ አለች። ሰው ለአራት ዓመት «ይህን ሁሉ ጉልበት ከየት አመጣችው?» ሲል ነበር፤ ፊልሙ «ከአያቷ» ብሎ መለሰ። ከሳሾቹን ዝም ለማሰኘት የተሰጠው መልስ ክሱን አጸናላቸው። ዱላው፣ ሩብ ራሽኑ፣ ገበያ ላይ የተቀመጡት አሮጊት፣ ግድግዳው ላይ የተጫረው መስመር፣ ያ ሁሉ ከእንግዲህ ምንም አያስረዳም፤ ለካ ነገሩ የዘር ሐረግ ኖሯል።

የእህቴ ወንድ ልጅ «የሉክስ? እሱም እኮ በአባቱ ነው» ይለኛል። ነው። ግን የሉክ አባት ከመጀመሪያው ፊልም ጀምሮ የሚያሳድደው፣ እጁን የቆረጠው ሰው ነው። ሉክም ልግደለው ወይስ ላድነው በሚል ጭንቅ አንድ ሙሉ ፊልም ኖረበት። የሬይ አያት በቀደሙት ሁለት የሬይ ፊልሞች አንዴም አልታየም፤ ለእሷ እንግዳ ነው።

በ2023 ለንደን በተካሄደው የስታር ዋርስ ክብረ በዓል ላይ ደይዚ ሪድሊ ሬይን ሆና እንደምትመለስ ተነገረ። ዳይሬክተሯ ፓኪስታናዊቷ ሻርሚን ኦባይድ-ቺኖይ እንደሆነችና ታሪኩም ከመጨረሻው ፊልም አሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ሬይ አዲስ የጄዳይ ትምህርት ቤት ስትመሠርት እንደሚሆን ተገለጸ። እኔ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ሬይ እስካሁን ስታደርገው ያላየነው አንድ ነገር ማስተማር ነው፤ ሳይቸገር የቻለ ሰው ደግሞ ያልቻለው ምን እንደጎደለው ለመረዳት ይቸገራል። ስክሪፕቱ እኔ እጅ ቢገባ በመጀመሪያው ሃያ ገጽ አንድ ተማሪዋ ይክዳት ነበር።

«ያ የሉክ ታሪክ ነው፤ ካይሎ ሬን እኮ የሉክ ተማሪ ነበር» አለኝ የእህቴ ወንድ ልጅ፤ እውነቱን ነው።

እህቱ የተሻለ አመጣች። «አንዲት ሕፃን ተማሪ ትምጣ፤ ከሬይ ትብለጥ። በሁሉም ነገር። ሬይ ደግሞ ትቅና።»

«ቀንታስ?»

«ቀንታ የሆነ መጥፎ ነገር ታድርግ። ቹባካም የእውነት ይሙት።»

ወንድሟ አዲሷ ሕፃን ራሷ ኦፒ ልትሆን ነው ብሎ ተነሣ፤ ሁለቱም ይህንኑ ክርክር ይዘው ቀጠሉ።